ስለ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ስለ ታሲተስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ታሲተስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አንዳንዱን በረጅሙ፣ አንዳንዱን ቶሎ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። እኔ ሰውየውን ጭራሽ አላውቀውም። ከዜሮ ጀምርልኝ።

እሺ። ታሲተስ በ56 አካባቢ የተወለደ ሮማዊ ነው። ዝም ብሎ ቤቱ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ጠበቃ ነበር፣ የሴኔት አባል ነበር፣ በ97 ደግሞ ኮንሱል ሆነ። አንድ ሮማዊ ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ሊያገኝ ከሚችለው ክብር ትልቁ ይህ ሹመት ነበር። በ112 ግድም እስያ የሚባለውን ግዛት፣ ማለትም የዛሬዋን ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል አስተዳድሯል። ስለዚህ ስለ ሥልጣን ሲጽፍ ከውስጥ ሆኖ ነው።

አምስት ሥራዎቹ ደርሰውናል። ሦስቱ አጫጭር ናቸው፦ የሚስቱን አባት ሕይወት የሚተርከው «አግሪኮላ»፣ ስለ ጀርመን ነገዶች የሚያወራው «ጀርማኒያ»፣ እና ስለ ንግግር ጥበብ የተጻፈ ውይይት። ትልልቆቹ ሁለት ናቸው። «ታሪኮች» የሚባለው ከ69 እስከ 96 ያለውን ዘመን ይይዛል። «አናልስ» ደግሞ አውግስጦስ ቄሣር ከሞተበት ከ14 ተነሥቶ በየዓመቱ ተራ እስከ ኔሮን ይወርዳል። መጀመሪያ የጻፈው የራሱን ዘመን ነው። ከዚያ «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» ብሎ ወደ ኋላ የሄደ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ79 ቬሱቪየስ ፈንድቶ ፖምፔን ሲቀብር የሆነውን በዓይን ምስክር ቃል የምናውቀው ታሲተስ ስለጠየቀ ነው። የወዳጁ የፕሊኒ አጎት እዚያ ሞቶ ነበር። ታሲተስ «አሟሟቱን ጻፍልኝ» አለው፤ ፕሊኒም በሁለት ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ። ታሲተስ ስለዚያ ዘመን የጻፈው ክፍል ግን ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ ሮም ስትቃጠል ኔሮን በገና እየመታ ይዘፍን ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ታሲተስ እንደጻፈው ከሆነ፣ በ64 ጁላይ ወር እሳቱ ሲነሣ ኔሮን ሮም ውስጥ አልነበረም። አንቲየም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነበር። የተመለሰው እሳቱ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲጠጋ ነው። ከተመለሰ በኋላም ቤት ላጣው ሕዝብ የራሱን የአትክልት ቦታ ሳይቀር ከፈተ፣ ጊዜያዊ መጠለያ አሠራ፣ የእህል ዋጋ አስቀነሰ። ከሮም 14 ቀበሌዎች እሳት ያልነካቸው 4 ብቻ ነበሩ። 3ቱ ከመሬት ጋር ተስተካከሉ። በቀሩት 7 ውስጥ የተረፈው ጥቂት የተለበለበ ፍርስራሽ ነው።

ዘፈኑስ? «ከተማዋ እየነደደች እሱ በቤቱ መድረክ ላይ ስለ ትሮይ ጥፋት ዘፈነ የሚል ወሬ ተሰራጨ» ይላል። ወሬ ብሎ ነው የጻፈው። እሳቱ በአጋጣሚ ይነሣ በንጉሡ ተንኮል፣ የተረጋገጠ ነገር የለም ይላል። ሌላው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ግን ያለ ምንም ማመንታት ኔሮን አቃጠላት ብሏል። ታሲተስ ኔሮንን አምርሮ ይጠላዋል። እንደዚያም ሆኖ ያላረጋገጠውን አለመለጠፉን እኔ በጣም አከብርለታለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ጌታችን ጽፏል ሲባል ሰምቼ ነበር። ክርስቲያን ነበር እንዴ?

አልነበረም። እንዲያውም ክርስቲያኖችን ይጠላል። እዚያው ስለ እሳቱ በሚተርክበት የ«አናልስ» 15ኛ መጽሐፍ፣ ኔሮን ወሬውን ከራሱ ላይ ለማውረድ ጥፋቱን ክርስቲያኖች ላይ ጣለው ይላል። ቀጥሎም ስሙ ከማን እንደመጣ ይናገራል፦ ክርስቶስ፣ በንጉሠ ነገሥቱ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ ትእዛዝ በሞት የተቀጣው። በጸሎተ ሃይማኖት የምንደግመው የጲላጦስ ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በሆነ ሮማዊ ባለሥልጣን ብዕር ሲጻፍ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ጥላቻው ነው ለምስክርነቱ ክብደት የሚሰጠው። ሃይማኖቱን «ጎጂ አጉል እምነት» ይለዋል። አንድ ክርስቲያን ገልባጭ ኋላ አስገብቶት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሳደብም ነበር። የክፍሉን እውነተኛነት የተጠራጠሩ ምሁራን አሉ፤ አብዛኞቹ ግን የራሱ እጅ ነው ብለው ይቀበሉታል።

ቀጥሎ ያለው ለማንበብ ይከብዳል። ሰዎቹን የአውሬ ቆዳ አልብሰው ውሻ አስቦጫጨቁባቸው። ሰቀሏቸው። ሲመሽ ለመብራት ብለው በእሳት አቃጠሏቸው። ታሲተስ «ቅጣት ይገባቸዋል» ብሎ ያምናል፤ ግን ሕዝቡ እንዳዘነላቸው አልደበቀም። የሞቱት ለሀገር ጥቅም ሳይሆን ለአንድ ሰው ጭካኔ ሲባል እንደሆነ ሕዝቡ ገብቶት ነበር ይላል።

ትንሽ ስህተትም አለችበት። ጲላጦስን «ፕሮኩራቶር» ይለዋል። በ1961 ቂሣርያ ላይ የተገኘው ድንጋይ ግን ማዕረጉን «ፕሬፌክት» ይላል። በታሲተስ ዘመን የይሁዳ ገዥዎች የሚታወቁት በአዲሱ ስም ስለነበር ይመስላል። ነገሩን አያፈርሰውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሌሎች የሐዲስ ኪዳን ሰዎችስ አሉበት?

አሉ እንጂ! በሐዋርያት ሥራ 24 ጳውሎስን አስሮ ጉቦ ሲጠብቅ የነበረውን ፊልክስን ታስታውሳላችሁ? ታሲተስም ያውቀዋል። «የንጉሥን ሥልጣን በባሪያ ጠባይ የሠራበት» ይለዋል። ሰውየው ነጻ የወጣ ባሪያ ነበርና ስድቡ ከዚያ የመጣ ነው፤ የመኳንንት ንቀት አለበት። ግን ሉቃስና ታሲተስ ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ገዥ ተመሳሳይ ሐሳብ መያዛቸው ልብ ይነካል። በቆሮንቶስ የጳውሎስን ክስ አልሰማም ያለው ጋልዮስም አለ። የፈላስፋው የሴኔካ ወንድም ነው። ሴኔካ በኔሮን ትእዛዝ ራሱን ካጠፋ በኋላ ጋልዮስ ለነፍሱ ሲለማመን እናያለን።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያን ጠቅሷል?

ጠቅሷል፣ በጥቂቱ። በ19 የጢባርዮስ ወንድም ልጅ ጌርማኒከስ ግብፅን ይጎበኛል። ቴቤስ ፍርስራሽ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካህን የጥንቱን ጽሑፍ ያነብለታል። 700 ሺህ ለጦርነት የደረሱ ወንዶች እዚያ ይኖሩ እንደነበር፣ ንጉሥ ራምሴስም በዚያ ሠራዊት ሊቢያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሜዶንን፣ ፋርስን እንደያዘ ይነግረዋል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የተባለው በጥንቱ አጠራር ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር ነው። ስለ አክሱም ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት።

ጥያቄ፦ እሱ ራሱ «ያለ ቁጣና ያለ አድልዎ እጽፋለሁ» ይላል። ጢባርዮስን ግን አንድም ቦታ አያምርበትም። ይሄ አድልዎ ካልሆነ ምንድን ነው?

አድልዎ ነው። ይህን ደብቄ ታሲተስን ላስወድዳችሁ አልፈልግም። ጢባርዮስ ደግ ሲሠራ እንኳ ከበስተጀርባው ክፉ ሐሳብ ይፈልግለታል። ደግሞ አንድ ዘዴ አለው። የጢባርዮስ ልጅ ድሩሰስ በ23 ሲሞት «አባትየው ተታልሎ በገዛ እጁ መርዝ አጠጣው» የሚለውን ወሬ ከነዝርዝሩ ያወራናል። ከዚያ «ይህ ከንቱ ወሬ ነው፤ ማንም አስተዋይ አባት እንዲህ አያደርግም» ብሎ ይሞግታል። ሙግቱ እውነት ነው። ወሬው ግን አንዴ ጆሯችን ገብቷል።

ቁጣው ከየት እንደመጣ ማየት ግን ግድ ነው። ታሲተስ በሹመት ያደገው ከ81 እስከ 96 በነገሠው በድምጥያኖስ ዘመን ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሮም የጆሮ ጠቢ ከተማ ሆና ነበር። ሁለት ሰዎች ቀድሞ የተገደሉ ጻድቃንን አመስግነው ስለጻፉ ተገደሉ፤ መጽሐፎቻቸውም በአደባባይ ተቃጠሉ። ሴኔቱ ያጨበጭብ ነበር። ታሲተስም እዚያው ሴኔት ውስጥ ነበር።

ድምጥያኖስ ተገድሎ አፉ ሲፈታ የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፍ «አግሪኮላ» ነው። መግቢያው ላይ ከዕድሜያችን 15 ዓመት ተቆርጦ ወጣ ይላል። ዝም ማለት እንደምንችል መርሳትም ብንችል ኖሮ፣ ከድምፃችን ጋር ትዝታችንንም ባጣን ነበር ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የሚሰቀጥጥ ነገር አለ፦ ሄልቪዲየስ የተባለውን የሴኔት አባል «የእኛው እጆች ወደ እስር ቤት ወሰዱት»። «የእነሱ እጆች» አላለም። «ታሪኮች» ላይም ሹመቴን ድምጥያኖስ አሳድጎልኛል፣ አልክድም ብሎ ጽፏል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ጢባርዮስን የሚጽፈው። ጢባርዮስን ሲያይ ከኋላው ድምጥያኖስ ይታየዋል። እኔ ታሲተስን የማነበው ስለ ጢባርዮስ ልብ የመጨረሻውን ፍርድ ልሰማ አይደለም። ሰው ሲፈራ ምን እንደሚሆን ላውቅ ነው። ያልተጠየቀውን የሚያሞግሰው፣ ወዳጁን አስቀድሞ የሚከሰው፣ በለቅሶም በደስታም ፊቱን የሚያስተካክለው ሰው፤ ይህን እንደ እሱ ያየ የለም። ያየውም ራሱ ውስጥ ስለነበረበት ነው።

ጥያቄ፦ ሰነድ ተጠቅሞ ነው ወይስ በትዝታ?

ሰነድ ይጠቀማል። የሴኔቱን ቃለ ጉባኤ አንብቧል። ዛሬ ልናመሳክረው የምንችልበት ቦታም አለ። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ በ48 የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) መኳንንት ሴኔት ይግቡ ብሎ ያደረገው ንግግር በነሐስ ተቀርጾ በ1528 ሊዮን ላይ ተገኘ። የታሲተስን ቅጂ ከጎኑ ስናስቀምጠው ዋናው ሐሳብ ያው ነው። አነጋገሩ ግን የራሱ የታሲተስ ነው፤ አሳጥሮታል፣ አሳምሮታልም። የጥንት ጸሐፊ እንዲህ ማድረጉ ያኔ ነውር አልነበረም።

ጥያቄ፦ «ምድረ በዳ ያደርጉና ሰላም ይሉታል» ያለው ማነው? ኢንተርኔት ላይ ሁሌ አየዋለሁ።

ታሲተስ «አግሪኮላ» ውስጥ በካልጋከስ አፍ የጻፈው ነው። ካልጋከስ በዛሬዋ ስኮትላንድ ሮማውያንን የተዋጋ መሪ ነው። ንግግሩን ሲያደርግ ማንም አልመዘገበውም፤ ቃሉ የታሲተስ ነው። የሚገርመው ሌላ ነው። በዚያ ጦርነት የሮም ጦር አዛዥ የሚስቱ አባት አግሪኮላ ነበር። የገዛ ቤተሰቡን ጀግና እያወደሰ፣ ሮምን የሚያዋርደውን ብርቱ ንግግር ለጠላት ሰጠው። ይህን የሚያደርግ ጸሐፊ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄ፦ እንደ ቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ጸሐፊ ታዝዞ ነው የጻፈው?

አይደለም። ያዘዘው የለም፤ የሚጽፍባቸው ነገሥታትም ሞተዋል። በሕይወት ስለነበረው ስለ ትራጃን በስተርጅና እጽፋለሁ ብሎ ነበር፤ አልጻፈም። መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስገድል ደግሞ በደንብ ያውቃል። በ25 የተከሰሰውን የክሬሙሺየስ ኮርደስን ነገር አንብቡ። ጥፋቱ የጁሊየስ ቄሣርን ገዳዮች በታሪክ መጽሐፉ ማመስገኑ ነበር። ራሱን በረሃብ ገደለ፤ ሴኔቱም መጽሐፉ ይቃጠል ብሎ ወሰነ። ግን የተደበቀ ቅጂ ተርፎ በኋላ ወጣ። የዛሬ ሥልጣን የነገን ትውልድ ትዝታ ያጠፋል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ሞኝነት ያስቃል ይላል ታሲተስ።

ጥያቄ፦ የእሱ መጻሕፍትስ እንዴት ተረፉ?

ለጥቂት ነው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበረው ሄሮኒመስ እንደሚለው ሁለቱ ትልልቅ ሥራዎች አንድ ላይ 30 መጻሕፍት ነበሩ፤ የቀረን ግማሽ ያህሉ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የካሊጉላ ዘመን ሙሉ በሙሉ የለም። የቀላውዴዎስ መጀመሪያና የኔሮን መጨረሻም የሉም። የ«አናልስ» የመጀመሪያዎቹ 6 መጻሕፍት የተረፉት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመን አገር በተጻፈ አንድ ብራና ብቻ ነው። በ16ኛው መቶ መጀመሪያ ሮም ደረሰ፤ በ1515 ታተመ። ከ11 እስከ 16 ያሉትና «ታሪኮች» ደግሞ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም በ11ኛው መቶ በተገለበጠ ሌላ ብራና ተረፉ። ሁለቱም ዛሬ ፍሎረንስ ናቸው። ያቺ አንዲት ብራና እሳት ቢበላት ኖሮ ጢባርዮስን እንዲህ አናውቀውም ነበር።

«ጀርማኒያ»ም የራሷ መከራ አላት። ታሲተስ ጀርመኖች ከሌላ ሕዝብ ያልተቀላቀሉ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ናዚዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዘው ለዘረኝነታቸው ማስረጃ አደረጓት። በ1943 የናዚው ባለሥልጣን የሂምለር ሰዎች ብራናዋን ፍለጋ በኢጣሊያ አንኮና አካባቢ አንድ ቪላ በረበሩ፤ አላገኟትም። ጀርመንን አይቶ እንደጻፈ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የሌለው ሰው የጻፋት አጭር መጽሐፍ ነች፤ ዓላማዋም በከፊል ሮማውያንን በራሳቸው ብልግና ማሳፈር ነበር።

ጥያቄ፦ ልጀምረው ነው። ከየትኛው?

ከ«አግሪኮላ»። አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል፣ ሰውየውንም ከመጽሐፉ ጋር ታገኛለህ። ከዚያ «አናልስ» 1፣ ቀጥሎ 4። የጢባርዮስ የዘብ አዛዥ የነበረው የሴጃነስ አነሣስ፣ የድሩሰስ ሞትና የኮርደስ ችሎት ሁሉም 4ኛው ላይ ናቸው። ኔሮን ከሆነ የሚያጓጓህ ከ13 እስከ 16 ዝለቅ፤ እናቱን ያስገደለበት 14ኛው ነው። በእንግሊዝኛ የምታነብ ከሆነ የቸርችና የብሮድሪብ የ19ኛው መቶ ትርጉም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ቋንቋው ትንሽ አሮጌ ነው፤ ግን ይነበባል። ስም ስለሚበዛበት አጠገብህ ወረቀት ይዘህ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እየሳልክ አንብብ። አለዚያ ሦስት ድሩሰስና ሁለት አግሪፒና ይቀላቀሉብሃል።