ቀኑ ሳላውቀው መሸ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች መልካቸው ቢለያይም ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ኑሮውን እኔ እየነዳሁት ነው ወይስ እሱ እየነዳኝ? የጠያቂዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እገባለሁ፣ ዓመቱ ያልቃል። ምን ሠራህ ብባል መልስ የለኝም። በየእንቁጣጣሹ እቅድ አወጣለሁ፤ ጥቅምትን ተሻግሮ አያውቅም። ዓላማ ያለው ኑሮ ከየት ነው የሚጀመረው?

መልስ፦ ከዓላማው አይጀመርም። «ዓላማዬ ምን ይሆን?» ብሎ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ያማረ ቃል ነው፤ እሱም ሌላ ሰው ሲናገረው የሰማው። መጀመሪያ ሰዓቱ የት እንደሚገባ ይወቁ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢተኙ 56 ሄደ። የመንግሥት ሥራ 39። ለመብላት፣ ለመተጣጠብና ለመንገድ በቀን 3 ሰዓት ብንይዝ 21። ተደምሮ 116፤ ቀሪው 52። ከዚህ ላይ ለቅዳሴ ወይም ለጁምዓ፣ ለለቅሶ፣ ለዘመድ ጥየቃ፣ ለገበያና ለቡና ሳንሰስት 20 ሰዓት እንስጥ። 32 ሰዓት ይተርፋል። «ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰው እጁ ላይ ያለው ይህ ነው።

የት እንደገባ ለማወቅ አንድ ደብተር ይበቃል። አንድ ገጽ ለአንድ ቀን ይሁን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት 16 መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ አንድ ሰዓት ነው። በየመስመሩ የሠሩትን በሁለት ሦስት ቃል ይጻፉና ጎኑ ላይ አንድ ፊደል ያድርጉ፦ «ግ» ግዴታ ለሆነው፣ «ፈ» ፈልገው ላደረጉት፣ «ሳ» ሳያውቁት ለሄደው። ለሰባት ቀን እንዲሁ ይቀጥሉ።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይጽፉ ይቆዩና ሊተኙ ሲሉ ከትዝታ ይሞላሉ። ትዝታ ደግሞ ባለቤቱን አያሳጣም፤ ካፌ የባከነውን አንድ ሰዓት ተኩል «ሻይ ጠጣሁ፣ ግማሽ ሰዓት» ብሎ ያስጽፋል። ስለዚህ በቀን ሦስቴ ይጻፍ፤ ምሳ ላይ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ከመኝታ በፊት። ሁለተኛው ስህተት ሳምንቱን አለመምረጥ ነው። የረመዳን ወይም የፋሲካ ሳምንት የተለመደውን ኑሮ አያሳይም። ሦስተኛው ጨዋታን ሁሉ «ሳ» ማለት ነው። ከወዳጅዎ ጋር ተቃጥረው የተጫወቱት ሰዓት «ፈ» ነው፤ «ሳ» የሚባለው ሊነሱ ሲሉ ሌላ ሰው መጥቶ፣ እሱ ሲሄድ ሌላ መጥቶ ያለቀው ነው። ደብተሩን ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ለማንም አያሳዩ፤ ሰው የሚያየው ደብተር ወዲያው ማማር ይጀምራል።

በስምንተኛው ቀን «ሳ»ዎቹን ብቻ ይቁጠሩ። ተበትነው አያገኟቸውም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ተከማችተው ነው የሚገኙት። በቢሮ ሠራተኛ ደብተር ላይ ዋናዎቹ ከ11:30 የሥራ መውጫ እስከ ቤት መግቢያ ያለው ጊዜና ከራት በኋላ ስልክ ላይ የሚያልፈው ናቸው። ጫት ካለ ደግሞ የቅዳሜ ከሰዓት በሙሉ። የሚነካው ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ሁሉንም ባንዴ የሚዘጋ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ይከፍታቸዋል፤ ጥቅምትን የማይሻገረው እቅድዎም የተጎዳው በዚሁ ይመስለናል።

በዚያች በተለቀቀች ሰዓት ምን ይግባ? እዚህ ጋ ነው ዓላማ የሚባለው ነገር የሚመጣው። ለራስዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አምስት ዓመት ቢያልፍና ባልሠራው የሚቆጨኝ ምንድን ነው? እኔ ባልሠራው ሌላ ማንም የማይሠራልኝስ? ለሁለቱም መልስ ሆኖ የመጣ ነገር ካለ እሱን ይያዙ። ከዚያም ዓይን በሚያየው መልክ ይጻፉት። «ጥሩ አባት መሆን» ዓይን አያየውም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12:30 እስከ 1:30፣ ሳሎን፣ ከልጆቹ ጋር ንባብ፣ ስልኩ መኝታ ቤት» ይታያል፤ ሲቀርም መቅረቱ ይታወቃል።

አራት ሳምንት ይሞክሩት። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከተጓደለ ቀኑን አይቀይሩ፤ ሰዓቱን ወደ ግማሽ ይቀንሱት። ቀን መቀየር የጀመረ እቅድ ማረፊያ አያገኝም። አየሩንም ያስቡበት። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ በእግር መውጣት ለኅዳር ጥሩ እቅድ ነው፤ ሐምሌ ላይ ግን ጭጋጉና ጭቃው በሳምንት ውስጥ ያፈርሰዋል። ደሴ የሚኖር ሰው ለክረምትና ለበጋ ሁለት እቅድ ያስፈልገዋል። ማታ የሚነበብ ከሆነም መብራት ሲጠፋ ሰበብ እንዳይሆን ቻርጅ የሚደረግ ፋኖስ ይኑር።

እንቁጣጣሽን በተመለከተ፦ መስከረም 1 ቀን በግና ዶሮ ሲታረድ የሚወጣ እቅድ በደስታ የተሰከረ ነው። ጳጉሜን ይጠቀሙባት። አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። የዓመቱን ደብተር ገልጦ የሆነውንና ያልሆነውን ለማየት የተዘጋጀች ጊዜ ናት፤ እኛ ግን «ምንም የማይሠራባት» እያልን እናሳልፋታለን።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዓረብ አገር አምስት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ወንድሜ ባጃጅ ግዢልኝ ይላል፣ እናቴ ቤቱ ይታደስ ትላለች፣ ጓደኛዬ ተመልሰን እንሂድ ትላለች። ወላሂ እኔ የምፈልገውን አላውቀውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን፤ አለማወቅሽ የሚያሳፍር አይደለም። ለአምስት ዓመት «ተነሺ» ስትባል የተነሳች፣ «ተኚ» ስትባል የተኛች ሰው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ፍላጎትም ካልተጠየቀ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ በትንሹ አስለምጂው፤ በቀን አንድ ነገር ማንንም ሳታማክሪ ወስኚ። ዛሬ ምን ልብላ፣ ገበያ በየት በኩል ልሂድ፣ ማንን ልጠይቅ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሪውና መጀመሪያ አካባቢ እንዴት እንደሚከብድ ታዪዋለሽ።

ገንዘቡን በሚመለከት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ትልቅ ነገር አትግዢ፤ ባጃጅም ቆርቆሮም። በእነዚህ ወራት የቤቱን ወጪ እየጻፍሽ የወር ወጪውን እወቂ። የወሩን በስድስት አባዢው። ለምሳሌ ወሩ 12,000 ብር ከፈጀ 72,000 ብር ማለት ነው። ይህ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ወለድ የማትፈልጊ ከሆነ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ገንዘቡ ኒሳብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት መጠን) ደርሶ በሂጅራው አቆጣጠር ዓመት ከሞላው ዘካው ከ40 አንድ ነው፤ እሱን አስቀድመሽ ለይው፤ ከተለየ በኋላ ቀሪው ያንቺ መሆኑ ልብሽ ውስጥም ይጠራል።

ዘመድን «የለኝም» አትበይ። ያገር ሰው ከዓረብ አገር የመጣን ገንዘብ ካንቺ በላይ ቆጥሮታል፤ ስትዋሺ ታስከፊያለሽ። «አለ፣ ግን ለስድስት ወር አስሬዋለሁ» በይ። እውነት እንዲሆንም በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ሂሳብ ውስጥ አስገቢው። ለወንድምሽ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ወር በሌላ ሰው ባጃጅ ይሥራ፤ የቀን ገቢውን፣ የነዳጁን፣ የጎማውን ጽፎ ያምጣ። ደብተሩን ይዞ ከመጣ በጽሑፍ ውል፣ በምስክር ፊት፣ ግማሹን እሱ ከፍሎ ይገዛ። ደብተሩ ካልመጣ መልሱ በእጅሽ ነው፤ የተጣላሽው ሰውም አይኖርም።

ሥራ ከፈለግሽ ሱቅ ከመከራየትሽ በፊት ስምንት ሳምንት በትንሹ ሞክሪ። ኮምቦልቻ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ያለባት ከተማ ናት፤ የሚበላ ነገር ገዢ አያጣም። እንጀራም ይሁን አምባሻ ከቤት ጋግሪና አቅርቢ። በየቀኑ አራት ነገር መዝግቢ፦ የዱቄቱን፣ የማገዶውን ወይም የመብራቱን፣ የተሸጠውን፣ እና የራስሽን የጉልበት ዋጋ። አራተኛውን ሁሉም ይረሳዋል። የራስሽን ደመወዝ ሳትቀንሺ «አተረፍኩ» ካልሽ ራስሽን በነፃ ቀጥረሻል ማለት ነው፤ ለዚህማ ዓረብ አገርም ይሻል ነበር። የአንዳንድ ተመላሾች ገንዘብ የሚያልቀው የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ቀድሞ በመክፈልና ጎረቤት የከፈተችውን ያንኑ ቡቲክ ወይም የውበት ሳሎን በመክፈት ነው።

ተመልሶ የመሄዱን ነገር ከስምንቱ ሳምንት በኋላ አንሺው። ያኔ የምታወዳድሪበት ቁጥር ይኖርሻል። አሁን ያለሽ የጓደኛሽ ወሬ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የቤት እመቤት ነኝ፣ ልብስ ስፌትም እሠራለሁ። ቤታችን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል። ቀኔን በላው። ብተወው ደግሞ «ኮራች» እባላለሁ።

መልስ፦ አይተዉት። ጎረቤት የሚታወቀው እዚያ ነው፤ የታመመ የሚሰማው፣ ቅሬ (ዕድር) የሚነገረው ረከቦት ዙሪያ ነው። ግን ይቁጠሩት። ማጠቡና መቁላቱ ሩብ ሰዓት፣ መውቀጡና ማፍላቱ ግማሽ ሰዓት፣ ከአቦል እስከ በረካ ደግሞ ከአርባ ደቂቃ አያንስም። አንዱ ቡና ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በሦስት አራት ተኩል ሰዓት፤ አንድ ቀሚስ የሚሰፋበት ጊዜ።

ከሦስቱ አንዱን ሙሉ ያድርጉት። የቀትሩ ይሻላል፤ የጠዋቱ ብርሃን ለስፌት ይቅር። ያንን በሥርዓቱ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይጠጡት። የጠዋቱን አንዴ አፍልተው በፔርሙዝ ይያዙ። ለሦስት ቀን የሚበቃውን ባንዴ ቆልተው ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መውቀጡን ግን ሲፈላ ያድርጉት፤ ተወቅጦ ያደረ ቡና ሽታው በማግሥቱ ይሄዳል፣ እንግዳም ወዲያው ያውቅብዎታል። ከሦስት ጎረቤት ጋር ተራ ከገቡ ደግሞ ከአራት ቀን ሦስቱን እንግዳ ነዎት፤ መጠራት እንጂ መጥራት የለም። ሐሳቡን ራስዎ ካነሱት «ኮራች» የሚለው አይመጣም፤ እነሱም በልባቸው ሲቆጥሩት የነበረ ነገር ነው። የዱዓ (የጸሎት) ቡና በዚህ ሂሳብ አይገባም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ማታ ቲክቶክ ላይ እስከ 7 ሰዓት አመሻለሁ፤ ጠዋት ትምህርት አረፍዳለሁ።

መልስ፦ ጉልበትህን ከስልኩ ጋር አታጋጥም፤ ታጣለህ። ቻርጀሩን ከመኝታ ክፍልህ አውጣው። «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» የሚለው ሰበብ ገበያ ላይ ባለች የጠረጴዛ ሰዓት ያበቃል። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ሌሊቶች እንቅልፍ አይመጣም፤ የሚጠበቅ ነውና ተነስተህ ስልኩን አትፈልግ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ መምህር ነበርኩ፣ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። «ጊዜ አለህ» ተብዬ ሽምግልናውም፣ የቅሬ ጸሐፊነቱም፣ የኮሚቴውም ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የአባቶቻችንን ታሪክ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። አንድ ገጽ አልጻፍኩም።

መልስ፦ መምህር፣ ጡረታ የወጣ ሰው ሰዓት ባለቤት የሌለው የግጦሽ መሬት ይመስላል፤ ሁሉም ከብቱን ያስገባበታል። አጥሩ ቀላል ነው፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት ኃላፊነት በላይ አይያዙ፣ እያንዳንዱም ለአንድ ዓመት ይሁን፣ ሲቀበሉም ተተኪው በስም ይታወቅ። አዲስ ነገር ሲመጣ እዚያው «እሺ» አይበሉ፤ «ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ» ይበሉ። ከሽምግልና አስቸኳዩ ደም ሊያፋስስ የሚችለው ብቻ ነው፤ የድንበርና የውርስ ጉዳይ እስከ ቅዳሜ ይቆያል።

ለጽሑፉ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከቤት ወጥተው ቤተ መጻሕፍት ወይም የልጅዎ ቢሮ ይቀመጡ። ቤት ያለ ሰው «ሥራ ላይ ነኝ» ቢል አይታመንም። ከሽማግሌዎች ሲቀዱ በአንድ ቁጭታ ከ30 ደቂቃ አይለፉ፤ የግማሽ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ሲገለበጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃልና ያልተገለበጠ ድምፅ ሲከማች ሥራው ያስፈራል። ቀረጻው ሲጀመር የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በራስዎ ድምፅ ይናገሩ። በዚያው ዕለት ማታም ቅጂውን ወደ ሌላ ስልክ ወይም ፍላሽ ያዛውሩ።