"ላቦራቶሪው ይናገራል" ያልኩ ቀን

ሰሞኑን አንዲት የወንጀል ምርመራ የምትማር ልጅ መልእክት ላከችልኝ። "ጋሼ፣ ዲኤንኤ ከተገኘ ኬዙ አለቀ ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ ዲኤንኤ ያላቸው የድሮ ኬዞች ለምን መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ?" ትላለች። ሁለት መስመር መልሼላት ልተኛ ነበር፣ ግን ጥያቄዋ አንዲት አሮጊት አስታወሰኝና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፣ ለሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

አንዲት ወጣት ሴት ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። የሞተችው ሐሙስ ማታ ነው። እኔ ያኔ ጀማሪ መርማሪ ነኝ፣ ዲኤንኤ ገና እጃችን መግባቱ ነው፣ ሁላችንም ስለሱ ነው የምናወራው። በሩ ጠርዝ ላይ፣ ከቁልፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ የደረቀች ደም ነበረች። ያየኋት እኔ ነኝ። ጥጡን በንጹህ ውሃ አርጥቤ ሳነሳት እጄ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይታየኛል፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሌላው ነገር ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት እማማ ደረጃውን በምርኩዝ ወጥተው ቢሮ መጡ። "ልጄ፣ ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ላይ የምነግርህ ነገር አለኝ" አሉኝ። "እማማ፣ ደሙ ላቦራቶሪ ሄዷል፣ ላቦራቶሪው ይናገራል፣ ካስፈለጉን እንጠራዎታለን" ብዬ ሸኘኋቸው። ስማቸውን ጻፍኩ፣ ቃላቸውን አልጻፍኩም። በሳምንቱ ደግመው መጡ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ በመስታወቱ አይቻቸዋለሁ፣ ስወጣ ግን የሉም፣ እኔም አልደወልኩም።

ውጤቱ በስምንተኛው ወር መጣ። ደሙ የቧንቧ ሠራተኛው ሆነ። ቢሮው ውስጥ ተቃቀፍን እኮ! ሰውየውን ስንጠይቀው ግን ምንም አልደነገጠም። "አዎ የኔ ነው፣ ማክሰኞ ስሠራ ጣቴን ቆርጦኝ ነበር" አለ፣ ጠባሳውንም አሳየን። ማክሰኞ እዚያ ቤት መሥራቱን ደግሞ ደረሰኙ ይመሰክርለታል። በቃ፣ እዚያ ላይ ቆምን። ዲኤንኤ ደሙ የማን እንደሆነ ይነግርሃል፣ ማክሰኞ ይፍሰስ ሐሙስ አይነግርህም። ያኔ ነው እማማ ትዝ ያሉኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ፣ በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፣ እሳቸው ካረፉ ሦስት ወር አልፏቸዋል። "ሐሙስ ማታ ከዚያ ቤት ሲወጣ አይቼዋለሁ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር ትል ነበር" አለችኝ። ትል ነበር። የሟች ቃል በሌላ ሰው አፍ ፍርድ ቤት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ታውቁታላችሁ፣ ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን መለሰልኝ። ገዳዩ ሰውየው ነው አልልም፣ አላውቅማ። የማውቅበትን በር የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። እዚያ ቤት እርጥብ ፎጣ አግኝተን በፌስታል አስረን አስቀመጥነው። ከ12 ዓመት በኋላ አዲስ መሣሪያ መጣ ተብሎ እንደገና ይመርመር ሲባል ስከፍተው ሽታው ገፍትሮ አስወጣኝ፣ ፎጣው ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ብቻ ሆኗል። እርጥበት ዲኤንኤን ይበላዋል፣ መጀመሪያ አድርቆ በወረቀት ከረጢት ነበር ማስቀመጥ። አሁን ይሄንን ስለምትማሩት አላስረዝመውም።

ዲኤንኤ ገና ሲጀመር እንኳን እንዲህ ነበር። እንግሊዝ አገር ሌስተርሻየር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሁለተኛዋን እኔ ነኝ ብሎ አመነ። የዲኤንኤ አሻራን ያገኙት ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ መረመሩና ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው እንደሆነ፣ ያም ሰው ይሄ ልጅ እንዳልሆነ አሳዩ። ከዚያ ፖሊስ የ5,000 ያህል ወንዶች ናሙና ሰበሰበ፣ ማች የሚያደርግ ጠፋ! ለምን ቢባል ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን በሱ ስም ናሙና እንዲሰጥለት አሳምኖት ነበር። ፒችፎርክ የተያዘው፣ ባልደረባው መጠጥ ቤት ውስጥ ይሄንኑ ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ ስለተናገረች ነው። እስቲ አስቡት፣ ያቺን ሴት አንድ እንደኔ ያለ መርማሪ "ላቦራቶሪው ይናገራል" ብሎ ቢመልሳትስ?

ጀርመንና ጎረቤት አገሮች ውስጥ ደግሞ የአንዲት ሴት ዲኤንኤ 40 በሚጠጉ የወንጀል ቦታዎች ተገኘ ተብሎ ለዓመታት ስትፈለግ ኖረች፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጣራ ናሙና የሚነሳበት ጥጥ የሚመረትበት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ወንጀለኛ የሚባል ነገር የለም። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2018 የተያዘውን፣ ጎልደን ስቴት ኪለር የተባለውን ተከታታይ ገዳይ የዲኤንኤ ፕሮፋይል ፖሊስ ለረጅም ዓመታት ይዞት ነበር፣ የፖሊስ ዳታቤዝ ውስጥ ግን ሰውየው የለም። የሩቅ ዘመዶቹ የዘር ሐረግ ድረገጽ ላይ ተገኝተው፣ ሰዎች ቁጭ ብለው የቤተሰብ ዛፍ ሠርተው፣ ዕድሜና የኖረበትን ቦታ አመሳክረው ነው ስሙ የወጣው። ማሽኑ ቁጥር ነው የሚያወጣው፣ ስሙን ያወጡት ሰነድ ሲያገላብጡ የከረሙ ሰዎች ናቸው።

የዛሬ ልጆች አንድ የማይገባኝ ነገር አላችሁ፣ ስልክ መደወል ትፈራላችሁ። ሪፖርት በአንድ ሌሊት ታነባላችሁ፣ ሶፍትዌሩን ከኛ በአስር እጥፍ ትችሉታላችሁ፣ ግን የሰው በር አንኳኩቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጉልበት ሕመም እየሰሙ መቀመጥ ይከብዳችኋል። ምስክር ግን እንደዛ ነው የሚያወራው፣ ዋናው ነገር የሚመጣው ልትነሱ ስትሉ ነው።

ደግሞ ዲኤንኤን አቃለለ እንዳትሉኝ። ዛሬም ወንጀል ቦታ ብገባ ቀድሜ የማነሳው ያቺን ጠብታ ነው፣ ያ የ17 ዓመት ልጅ የተረፈው በሷ ነው፣ ለሱ ሲባል ብቻ እንኳን እወዳታለሁ። በፊት የጻፍኩትን ያፈርስብኝ ይሆናል፣ ይሁን።

ልጄ፣ የጠየቅሽኝ አንቺ፣ የድሮ ፋይል ሲሰጡሽ የላብ ሪፖርቱን ከመክፈትሽ በፊት በእጅ የተጻፉትን ወረቀቶች አገላብጪ። ስሙ ተጽፎ ቃሉ ያልተጻፈ ሰው ካለ በዚያው ቀን ፈልጊው። በኛ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት እስካሁን አለ፣ በኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ላዩ ላይ የእማማ ስምና ቀኑ፣ ከዚያ በታች እስከ ገጹ መጨረሻ ባዶ ነው።