የእንቁራሪት ዓሣን ዝርያ በምን እንለያለን? ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። የእንቁራሪት ዓሣ ማለት ከግንባሩ በሚወጣ ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ መደለያ ሌሎች ዓሦችን እየሳበ የሚውጥ የባሕር ዓሣ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ቀለሙን አትንገሩኝ። ያው አንዱ ዓሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከቢጫ ወደ ጥቁር ሊለወጥ ይችላል። ቀለም የሚነግራችሁ ዓሣው የተቀመጠበትን ቦታ እንጂ ዝርያውን አይደለም።

ከኤላት፦ ጋሼ፣ ከትናንት በስቲያ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢጫ ስፖንጅ (ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር ቀዳዳማ እንስሳ) ተደግፎ የተቀመጠ ቢጫ የእንቁራሪት ዓሣ ፎቶ አነሣሁ። ኮመርሰን ነው ወይስ ፒክተስ?

መልስ፦ በአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢጫ! ይሁን፣ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። ጠላቂውን ሁሉ የሚያሳስቱት ሦስት ናቸው፤ ግዙፉ አንቴናሪየስ ኮመርሰን፣ አንቴናሪየስ ፒክተስና ኪንታሮታሙ አንቴናሪየስ ማኩላተስ። በላቲን ፒክተስ «የተቀባ»፣ ማኩላተስ «ነጠብጣባም» ማለት ነው። የተቀባውም ነጠብጣብ ስላለው ስሙ ምንም አይጠቅማችሁም።

የሚጠቅመው ቆጠራ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ በስስ ቆዳው ውስጥ እንደ ጃንጥላ ሽቦ የተደረደሩ ስንጥሮች ይታያሉ። ኮመርሰን አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ ክንፉ 13፣ በደረት ክንፉ 11 ስንጥር አለው። ፒክተስና ማኩላተስ ግን በአብዛኛው 12 እና 10 ናቸው። ሁለቱን እርስ በርስ ለመለየት መደለያውን እዩ፤ የማኩላተስ መደለያ ትንሽ ዓሣ ይመስላል፣ በዘንጉ ጫፍ ሲወዛወዝ የሚዋኝ ግልገል ነው የምትሉት። ፒክተስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጭራው ላይ ሦስት ክብ ነጠብጣቦች አሉት፤ የስፖንጅ ቀዳዳ ይመስላሉ። መጠንም ይረዳል። ማኩላተስ ከ15 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ ኮመርሰን ግን ከ30 በላይ ይደርሳል። ፎቶህን አጉላና ቁጠር።

ከዱባይ፦ ቤቴ ባለው የጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ከሌሎች ትናንሽ ዓሦች ጋር ባኖረውስ?

መልስ፦ ይበላቸዋል። ከራሱ ጋር የሚተካከል ዓሣ ሳይቀር ይውጣል።

ከዋሽንግተን፦ ፀጉራም የሆኑት ሁለቱ፣ ስትሪያተስና ሂስፒደስ፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ሽንትር አላቸው።

መልስ፦ ይህን የጠየቀ ሰው ይባረክ! ሽንትሩንም ፀጉሩንም እርሱት፣ መደለያውን ብቻ እዩ። የስትሪያተስ ቅርንጫፍ ያለው ትል ነው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወፋፍራም ጣት መሰል ነገሮች ተንጠልጥለውበታል። የሂስፒደስ ግን የተበተነ የክር ኳስ ይመስላል።

በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ዳር ባለው በሌምቤ ወሽመጥ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አሸዋ ላይ አንድ ስትሪያተስ ፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ተጋድሜአለሁ። ዘንጉን ወደ ፊት ዘርግቶ ትሉን ያራግባል፣ ያሳርፈዋል፣ እንደገና ያራግባል። ከዘንጉ በስተቀር አንዳች የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። አንዲት ትንሽ ዓሣ ተጠጋች፣ ከዚያ የለችም። አፉ ሲከፈት አላየሁም፤ ጉዳዩ በ6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚያልቅ ነውና ዓይን አይደርስበትም። ልዩነቱ ያለው እዚያ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፣ ሰው ግን ቀለም ይነግረኛል።

ከጅዳ፦ ቀይ የሆነው የትኛው ነው?

መልስ፦ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ከላይ ያለውን አንብብ።

ከባሕር ዳር፦ ይቅርታ፣ «እንቁራሪት ዓሣ» የሚለው ስም ራሱ አይጥመኝም። ዘንግና መደለያ ካለው «አጥማጅ ዓሣ» ቢባል አይሻልም?

ከሐዋሳ፦ «አጥማጅ ዓሣ» ስትል ሰው «ዓሣ አጥማጅ» ብሎ ይሰማሃል። እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፣ አጎቴ መረቡን ይዞ ነው የሚመጣብኝ።

ከባሕር ዳር፦ እኔስ የጣና ልጅ አይደለሁ? እንቁራሪት ግን ይዘላል እንጂ አያጠምድም።

ከሐዋሳ፦ ቁጭ ብሎ ዝንብ የሚጠብቀው ታዲያ ምን እያደረገ ነው?

መልስ፦ የፈለጋችሁትን በሉት። የሐይቁን ክርክር ሌላ ቦታ ውሰዱት።

ከጅቡቲ፦ መርዛማ ነው? ብነካው ይወጋኛል?

መልስ፦ እሱ መርዛም እሾህ የለውም። ነገር ግን በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የድንጋይ ዓሣ አለ፤ እሱም አለት መስሎ ይቀመጣል፣ የጀርባው እሾህ ሰው እስከ መግደል የሚደርስ መርዝ አለው። «የእንቁራሪት ዓሣ መስሎኝ ነበር» ማለት ከተወጉ በኋላ አይረዳም። ስለዚህ አትንኩ፣ በዱላም አትጎርጉሩ። ለፎቶ ብለው ከተቀመጠበት የሚያፈናቅሉ አስጎብኚዎችን ደግሞ ገንዘብ አትክፈሏቸው። የመለያ ምልክት ካስፈለገህ፣ የእንቁራሪት ዓሣ ስንጥቡ የሚከፈተው እንደ ሌላው ዓሣ በሰፊው ሳይሆን በደረት ክንፉ ሥር ባለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው።

ከጅዳ፦ ቀዩ ዓሣ ግን ነጭ ነጠብጣብም ነበረው።

መልስ፦ ስንት ስንጥር?

ከለንደን፦ በእውነት በእግሩ ይሄዳል?

መልስ፦ በክንፎቹ፣ አዎ።

ከቴል አቪቭ፦ በተንሳፋፊ የባሕር አረም መካከል የሚኖረውስ?

መልስ፦ ሂስትሪዮ። የሚምታታ አይደለም፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ አረሙንም በክንፉ ጨብጦ ይንሳፈፋል። በተረፈ ከዝርያዎቹ ሁሉ ቀለሙን አይቼ የምቀበለው አንድ ብቻ ነው፤ ከኢንዶኔዥያዋ የአምቦን ደሴት ተገኝቶ በ2009 ስም የወጣለት ሂስቲዮፍራይኔ ሳይኬደሊካ። ፊቱ ላይ ሳይቀር ነጭ መስመር ተጠማዝዞበታል። የመስመሩ አቀማመጥ ከዓሣ ዓሣ ስለሚለያይ አንዱን ግለሰብ ከሌላው መለየት ይቻላል።

ከኤላት፦ ጋሼ፣ ፎቶውን አጉልቼ ቆጠርኩ። የደረቱ 11 ነው። የጀርባው 13 ይመስለኛል፣ የመጨረሻው ትንሽ ተጣጥፏል።

መልስ፦ እንግዲያው ኮመርሰን ነው። የታጠፈውን ነገ ሄደህ አረጋግጥ፣ ከስፖንጁ ብዙ አይርቅም።