የቀለህ አፍና የጀበና ውታፍ

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ፈቃድ ያለው አዳኝ ነው፤ ባዶ ቀለህ (የጥይት ቀፎ) ውስጥ ባሩድ ሞልቶ፣ አፉ ላይ እርሳስ (ተተኩሶ የሚወጣውን የጥይት ጫፍ) ሰክቶ ጥይቱን ራሱ ያዘጋጃል። «ለከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የቀለሁን አፍ ማጥበቅ ያስፈልጋል» ይላል። እውነት ነው? (ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ አጎትዎ ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ ነገሩ ግን ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም፣ ልክም አለው። በወጣትነቴ መሣሪያ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ዛሬ እዚሁ ጅማ ጀበናዬን ነው የምጠግነው። ውታፉ ከላላ ቡናው ይፈሳል፤ በጉልበት ከተጫኑት አንገቱ ይሰነጠቃል። ቀለህም እንዲሁ ነው።

በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ መቀርቀሪያው ጥይቱን ከካዝናው በኃይል ገፍቶ ያስገባዋል። እርሳሱ በደንብ ካልተያዘ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የባሩዱ ቦታ ይጠብባል፤ ግፊቱም ከልክ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። አደጋው ይህ ነው።

ይሁንና እርሳሱን በዋናነት የሚይዘው የአንገቱ ጥበት እንጂ የአፉ እጥፋት አይደለም። አንገቱ ከላላ እጥፋት አያድነውም። አፉን ወደ ውስጥ ለማጠፍ እርሳሱ ላይ ለዚሁ የተሠራ ቀለበታዊ ጎድጎዳ ያስፈልጋል፤ የቀለሆቹ ርዝመትም እኩል ይሁን። እጥፋቱ ሲበዛ የቀለሁ ትከሻ ያብጥና ጥይቱ አልገባም ይላል፤ ይህ ስንት ሰው አናድዷል!

አጎትዎን «በካሊፐር (በጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ለካህ?» ይበሏቸው። ለምሳሌ .223 የተባለው የጥይት ዓይነት ጠቅላላ ርዝመት ቢበዛ 57.4 ሚሊ ሜትር ነው። እሳቸው ባሩድና ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) የሌለው የሙከራ ጥይት ለክተው ከካዝና ያጉርሱ፤ አውጥተውም እንደገና ይለኩት። ካጠረ እርሳሱ ሰምጧል።

እርስዎ ግን እዚህ እንዳይሞክሩት፤ በአገራችን የመሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው።