ቻይና እራት ስትጋበዝ

"ለሥራ ጓንዡ ልሄድ ነው፣ እራት ቢጋብዙኝ እንደ ፈረንጅ ሬስቶራንት ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?" ላልከው ወንድሜ። እዚያው ጓንዡ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፣ አሁን ያለሁት አሜሪካ ነው። ሁለቱንም ቀምሻለሁ።

አሜሪካ ሁሉም የየራሱን ያዛል፣ የየራሱን ይበላል፣ ሂሳቡም ብዙ ጊዜ ይከፋፈላል። ቻይና ግን ለሁሉም የሚያዘው ጋባዡ ነው። ምግቡ ክብ ጠረጴዛ መሃል በሚሽከረከር መስታወት ላይ ይደረደራል፣ ሁሉም ከዚያው ያነሳል። ጋባዡ ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ሳህንህ ላይ ያኖርልሃል። ጉርሻ በለው፣ እጅ ብቻ የለበትም።

መጀመሪያ የተጋበዝኩ ቀን ጉድ ነው የሆንኩት። ፊቱን ወደ በሩ ያዞረ ወንበር ባዶ አየሁና ዘው ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ የክብር ቦታ ነው! ማንም ትንፍሽ አላለም። ቀጥሎ የመጡትን ቀዝቃዛ ምግቦች ደግሞ እነሱ ብቻ መስለውኝ ጠራርጌ በላሁ፣ ዋናው ገና ነበር፣ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ሲመጣ እኔ ቀበቶዬን እያላላሁ ነው። ሳህኔ ባዶ በሆነ ቁጥር አልጠገበም ብለው ይጨምሩልኛል፣ ልክ እንደ እናቶቻችን "በሞቴ"። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አስተርፍ።

ቾፕስቲክ ካቃተህ ሹካ ጠይቅ፣ ማንም አይቀየምህም። ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገህ እንዳትሰካው ብቻ፤ ለሙት የሚለኮስ ዕጣን ነው የሚመስለው። ጓንዡ ሻይ ሲቀዱልህ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለህ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ክዳኑን ገለጥ አድርገህ ተወው፣ አስተናጋጇ አይታ ትሞላዋለች። ባይጁ የሚሉት መጠጥ ከመጣ ተጠንቀቅ፣ ከ50 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ብዙ ነው፣ አረቄ የለመደም ይደነግጣል። ስታጋጭ ብርጭቆህን ከታላቅህ ብርጭቆ ዝቅ አድርገው።

ቲፕ የለም። አንዴ 20 ዩዋን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ፣ ልጅቷ ረሳኸው ብላ መንገድ ድረስ ሮጣ መለሰችልኝ። አሜሪካ 18፣ 20 በመቶ ካልተውክ ግን ግልምጫው ለብቻው ነው።

ሂሳብ ላይ እንደኛው "እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ" ግብግብ አለ። አንድ ሁለቴ ታገልና ተው፣ የሚከፍለው የጋበዘህ ሰው ነው፣ አንተ ደግሞ በሌላ ቀን ትጋብዘዋለህ። እራቱ ሊያልቅ ሲል ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ የተነሳ ካየህ ግን አትድከም፣ ከፍሎ ነው የሚመለሰው።