ከምናቃጥለው በላይ ስንበላ ትርፉ ጡንቻ ይሆናል ወይስ ስብ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 70 ኪሎ ገደማ ሆነህ ጂም ጀመርክ፣ «ብላ፣ ካልበላህ አታድግም» ተባልክ፣ ያገኘኸውን ሁሉ መብላት ያዝክ። በሁለት ወር 5 ኪሎ ጨመርክ። ክንድህ ግን ያው ነው፣ ሱሪህ ደግሞ አልቆለፍ ብሏል። «ታዲያ ትርፉ የት ገባ?» ነው ጥያቄህ። እኔ ሰው ማሰልጠን ከጀመርኩ ቆየሁ። በዚሁ ጉዳይ ተስፋ ቆርጠው ብረት ማንሳት እርግፍ አድርገው የተዉ ልጆች ስላየሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ።

ትርፉ ሁለቱንም ይሆናል። ቁም ነገሩ ድርሻው ላይ ነው። ጡንቻን እንዲያድግ የሚያስገድደው ብረቱ ነው። ምግብ እድገቱን ይደግፋል፣ በራሱ ግን አያስጀምረውም። ብረቱ በቂ ካልሆነ ሰውነትህ የተረፈውን ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጠዋል፣ የሚያስቀምጠውም በስብ መልክ ነው።

ብረቱ በቂ ቢሆን እንኳ ጡንቻ የሚያድግበት ፍጥነት ጣሪያ አለው። ይሄን ነው ብዙ ሰው የሚዘነጋው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ጡንቻ ግን ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፣ ፕሮቲኑ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ጡንቻ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 200 ግራም አካባቢ ነው፣ በካሎሪ ሲሰላ ወደ 800። ለግንባታው ራሱ የሚወጣው ጉልበት ይጨመርበታል፣ ቢሆንም ከስብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አሁን በቀን 1,000 ካሎሪ አስተርፈህ ብትበላ በሳምንት 7,000 ይሆናል። በሳምንት ውስጥ ያን ሁሉ የሚፈጅ ጡንቻ የሚሰራ ሰውነት የለም። ከጣሪያው በላይ ያለው ወዴት እንደሚሄድ ወገብህ ነግሮሃል።

ስለ ፕሮቲን ደግሞ በጣም የምወደው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። 25 ሰዎችን ለ8 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው በላይ፣ በቀን ወደ 950 ካሎሪ ትርፍ አበሏቸው። ከሚበሉት ካሎሪ ለአንዱ ቡድን 5 በመቶው፣ ለሌላው 15፣ ለሦስተኛው 25 በመቶው ከፕሮቲን እንዲመጣ አደረጉ። የተጨመረው ስብ በሦስቱም ቡድኖች ተቀራራቢ ሆነ። ፕሮቲን ያነሰባቸው ግን ስብ ያልሆነው የሰውነታቸው ክፍል 700 ግራም ገደማ ቀነሰባቸው፣ ሌሎቹ 3 ኪሎ አካባቢ ጨመሩ። እንግዲህ እያስተረፉ እየበሉም ከስብ ውጪ ያለውን ማጣት ይቻላል ማለት ነው! «ስብ ያልሆነ» ሲባል ውሃውም ሌላውም አብሮ ስለሚቆጠር ሦስቱም ኪሎ ጡንቻ ነው ብለህ ግን እንዳትወስደው፣ ሰዎቹ ብረት አልሰሩም። እኔ የያዝኩት ይሄን ነው፦ የስቡን መጠን የወሰነው የካሎሪው ትርፍ ነው፣ የፕሮቲኑ ድርሻ ደግሞ የቀረውን።

ለሚሰራ ሰው ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቀን ይበቃል። አሁን 75 ስለደረስክ ለአንተ 120 ግራም አካባቢ ነው። ትንሽ ከፍ ብታደርገው ችግር የለውም፣ እጥፍ ብታደርገው ግን ጡንቻው እጥፍ አይሆንም። የቅባት ነገር ሌላ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ ሆድህ ደግሞ ልብ አይለውም። ትርፍ ስትበላ ሰውነት ካርቦሃይድሬቱን አስቀድሞ እያቃጠለ የበላኸውን ቅባት ያለ ብዙ ድካም ያስቀምጠዋል። «ያገኘሁትን ነው የምበላው» ስትል መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቅባቱን ነው።

ጓደኛህ እንዳንተ በልቶ አልወፈረም ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል። ካናዳ ውስጥ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናት 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ ለ84 ቀን አበሏቸው። በአማካይ 8.1 ኪሎ ጨመሩ። ትንሹ 4.3፣ ትልቁ 13.3። ያው ትርፍ ምግብ ሆኖ ልዩነቱን ተመልከት። መንትዮቹ እርስ በርሳቸው ግን ይመሳሰሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሌላ ጥናትም 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 1,000 ትርፍ በልተው አንዱ ግማሽ ኪሎ ያልሞላ ስብ ሲጨምር ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው ስፖርት ያልሆነ እንቅስቃሴ ነው። መቁነጥነጥ፣ ቆሞ ማውራት፣ ወዲህ ወዲያ ማለት። አንዳንዱ ሰው ብዙ ሲበላ ሳያውቀው ብዙ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከጓደኛህ ሳህን ላይ እየገለበጥክ አትብላ።

የማሰለጥነው አንድ ልጅ ያንተው ችግር ነበረበት። የሚበላውን ከመነካካታችን በፊት የልምምድ ደብተሩን አምጣ አልኩት። ቤንች ፕሬስ (ተጋድሞ ብረት ወደ ላይ መግፋት) 50 ኪሎ፣ 8፣ 8፣ 8፣ ማለትም ሦስት ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ። ገጹን ገለጥኩ፣ 50 ኪሎ፣ 8፣ 8፣ 8። ቀጣዩም ያው። ምግቡ በየጊዜው ይጨምራል፣ ብረቱ አንድ ቦታ ቆሟል። ታዲያ ጡንቻው ምን ብሎ ይደግ? ትርፉን ቀነስንለት፣ በየልምምዱ አንድ ድግግሞሽ እንኳ ለመጨመር መታገል ጀመረ። 9 ገባ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ ብረቱ ራሱ 52.5 ሆነ። ወገቡ ባለበት ቆሞ ደረቱ መሙላት ጀመረ።

ለአንተ የምመክርህ፣ ትርፉን በቀን ወደ 200 ወይም 300 ካሎሪ አውርደው። ክብደትህ በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ በመቶ ቢጨምር ነው ጥሩው፣ በአንተ ኪሎ ከ190 እስከ 375 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንተ ግን በሳምንት 600 ግራም ያህል ነው የሄድከው። እርግጥ ሁሉም ስብ አይደለም። ብዙ ካርቦሃይድሬት ስትበላ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን (ለኋላ የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) ይከማቻል፣ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ኪሎ ብዙም አያስደንግጥህ።

ሚዛን ብቻውን ያሳስታል። ጠዋት ከመጸዳጃ መልስ፣ ምንም ሳትቀምስ ተመዘን፣ የሳምንቱን አማካይ ያዝ። ወገብህን በሜትር እምብርትህ ላይ ለካ። ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድብህ፣ ሆድህን አትሳብ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ ነው የምታነበው። ሚዛኑ እየወጣ፣ ብረቱ እየከበደ፣ ወገቡ ብዙም ካልተነቃነቀ መንገድህ ትክክል ነው። ሚዛኑና ወገቡ እየወጡ ብረቱ ከቆመ ምግቡ ቀድሞሃል።

እባክህ አሁን ደንግጠህ ራስህን እንዳታስርብ። የያዝከውን ጡንቻም አብረህ ታጣለህ። ወገብህ በጣም ካስጨነቀህ ለጥቂት ሳምንታት ከምታቃጥለው 300 ወይም 400 ካሎሪ አሳንሰህ ብላ፣ ፕሮቲኑንና ብረቱን ግን አትንካ። ገና ጀማሪ ስለሆንክ ያለ ትርፍ ምግብም ጡንቻ መያዝ ትችላለህ። ይሄ እድል ለቆየ ሰው እየጠበበ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አሁን ተጠቀምበት። ስቡ ወደ ጡንቻ ይቀየራል የሚሉህን ደግሞ አትስማ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ሊጨምር ይችላል፣ አንዱ ሌላውን አይሆንም።

አንድ የጎደለኝ ነገር አለ። ስለ ልምምድህ ምንም አልጻፍክም። በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትሰራው፣ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እና ቤንች ላይ ስትጀምር ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ደረሰ? እሱን ከነገርከኝ ምግቡ ላይ ነው ወይስ ብረቱ ላይ መጀመር ያለብህ የሚለውን ለይቼ እነግርሃለሁ።