ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት፦ የኋላ ሱስፔንሽን ክንድ ለምትሠሩ ወጣቶች

ባሌስትራ (ተደራራቢውን የብረት ቅጠል) አውጥታችሁ በአራት ክንድ፣ ማለትም አክስሉን ከሻንሲው በሚያያይዙ ዘንጎች፣ እና በሞላ ለመተካት የተነሳችሁ ልጆች፣ አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ስንት ሚሊ ብረት ይበቃል?" ብላችሁ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። መቅደም ያለበት "ክንዱ የት ይታሰር?" የሚለው ነው። ያለቦታው የታሰረ ክንድ በውፍረት አይድንም።

መኪናውን ሁልጊዜ በሚቆምበት ከፍታ ደግፉትና አክስሉ ከዚያ ተነስቶ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ወስኑ፤ ወደ ላይ 80፣ ወደ ታች 100 ሚሜ እንበል። ሌላው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው።

አክስል ሲነዳም ፍሬን ሲያዝም መዞር ይፈልጋል፤ የሚከለክሉት ክንዶቹ ናቸው። የታችኞቹ ከመሬት 230፣ የላይኞቹ 430 ሚሜ ከፍታ ላይ አክስሉን ቢይዙና ሁሉም አግድም ቢሆኑ፣ ጎማዎቹ መሬቱን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ለሚገፉበት ለእያንዳንዱ 1 ኪሎኒውተን የታችኞቹ በድምሩ 2.15፣ የላይኞቹ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ 1.15 ይሸከማሉ። የላይኞቹን ወደ 480 ብታነሷቸው ቁጥሩ 1.92 እና 0.92 ይሆናል። 50 ሚሜ ብቻ ከፍ በማድረግ የላይኞቹ ጭነት በአንድ አምስተኛ ቀነሰ፤ አንድ ግራም ብረት ሳይጨመር።

ክንዱ ቀጥ ያለ ይሁን። የውጭ ስፋቱ 32፣ ግድግዳው 4 ሚሜ የሆነ ቱቦ ቀጥ ብሎ 20 ኪሎኒውተን ሲገፋ ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጫና 57 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ያንኑ ቱቦ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ለማሳለፍ ብላችሁ ከመስመሩ 30 ሚሜ ብታጎብጡት ጫናው ወደ 330 ይወጣል። ተራ ብረት 250 አካባቢ ላይ ታጥፎ ይቀራል። ማርሚታውን አዙሩት እንጂ ክንዱን አታጉብጡት።

ከጎን ስታዩት የታችኛውና የላይኛው ክንድ መስመር ወደፊት ቢቀጥል አንድ ቦታ ይገናኛል። የኋላ ጎማው መሬት ከሚነካበት ተነስታችሁ በዚያ መገናኛ በኩል እስከ ፊት አክስሉ ድረስ መስመር አስምሩ። የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2600 ሚሜ፣ መገናኛው ከኋላ አክስል 1300 ሚሜ ወደፊትና ከመሬት 220 ሚሜ ላይ ከሆነ፣ መስመሩ ፊት ላይ 440 ይደርሳል። የመኪናው የክብደት ማዕከል 550 ሚሜ ከፍታ ላይ ካለ 440ን ለ550 አካፍላችሁ 80 በመቶ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ይህ ነዳጅ ሲረገጥ ክንዶቹ የኋላውን መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከለክሉ ያሳያል። ከ100 ሲያልፍ ነዳጅ ስትረግጡ ኋላው በመቀመጥ ፈንታ ይነሳል። መገናኛው ለአክስሉ በጣም ሲቀርብ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ይዘላል፤ ይህን ብዙ ሰው በአሞርዛተር (የሞላውን መወዛወዝ በሚያበርደው) ያመካኛል፤ አሞርዛተሩ ግን ንጹሕ ነው።

አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ወይ የላይኞቹን ክንዶች አንግላችሁ በሦስት ማዕዘን ታስራላችሁ፣ ወይ ፓናርድ ዘንግ፣ ማለትም አንድ ጫፉ ሻንሲ ሌላው አክስል ላይ የሚታሰር አግዳሚ ዘንግ፣ ትገጥማላችሁ። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚገጥም አለ፤ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ አንዱም ጎሚኒውን (በጫፉ ማሰሪያ ውስጥ ያለውን ላስቲክ) ይቀድዳል። ፓናርዱን በተቻለ መጠን አስረዝሙት፦ አግድም የነበረ 900 ሚሜ ዘንግ በ80 ሚሜ ጉዞ አክስሉን 3.6 ሚሜ ወደ ጎን ይስበዋል፤ 500 ሚሜ ቢሆን 6.4።

ሞላው ክንዱ ላይ ወይም ዘንበል ብሎ ከተገጠመ ጎማው 10 ሚሜ ሲወጣ ሞላው 7 ብቻ ሊታመቅ ይችላል። ታዲያ 50 ኒውተን በሚሊ የተጻፈበት ሞላ ጎማው ጋ የሚሰማው 35 ሳይሆን 24.5 ነው፤ ጉዞውም ጉልበቱም ስለሚቀንስ 0.7 ሁለት ጊዜ ይባዛል። በአንድ ጎማ 300 ኪሎ ላይ ይህ 1.44 ኸርዝ (በሰከንድ 1.44 ውዝዋዜ) ይሰጣል፤ ለመንገድ መኪና ደህና ነው። ሞላው ገና መኪናው ቆሞ ሳለ 84 ሚሜ እንደሚታመቅም አትርሱ።

ማሰሪያው ቡሎኑን ከሁለት ወገን ይያዝ፤ በአንድ ወገን የተንጠለጠለ ቡሎን ይታጠፋል። ሸክሙ የሚያርፈው ጥርስ በሌለው የቡሎኑ ክፍል ላይ ይሁን። ጎሚኒ ያለበትን ቡሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ፤ በራሱ ከፍታ ቆሞ ይጥበቅ። አለበለዚያ ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይበጠሳል።

ማሰሪያዎቹን መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዟቸው። ሞላውን አውጡና አክስሉን በክሪክ በ20 በ20 ሚሜ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱት፤ ከዚያ አንዱን ጎማ ወደ ላይ አንስታችሁ ሌላውን ወደ ታች አውርዱ። በየደረጃው ጎማው ከሻንሲ ያለውን ርቀት፣ የፍሬን ጎማ ቱቦውን ርዝመት፣ የክሮቼራውን (በካርዳን ዘንጉ ጫፍ ያለውን ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አንግል ለኩ። በቆመበት ከፍታ የፊትና የኋላ ክሮቼራዎች አንግል እኩል ካልሆነ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ጉዞውን ወደ ላይ የሚገታው የላስቲክ መቆሚያ ይሁን፤ አሞርዛተሩ ጥጉን ከነካ ውስጡ ይሰበራል።

ሁሉ ከተስማማ ሙሉውን በየዱ፤ አጭር አጭር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ፣ ምክንያቱም የአክስል ቤት በሙቀት ይጣመማል። የባትሪውን ገመድ አስቀድሙ ንቀሉ። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዳዶና ማሰሪያ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ላልቷል። የብየዳውን ጠርዝም በባትሪ መብራት እዩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።